የገደሉ ቅርጫት ሕግ እንዴት እንደ ወጣ

ተረት ላውራ? በሉ «ይምጣ!» በሉኝ። አልሰማሁም። «ይምጣ ከነጣጣው!» እሰይ፣ እንደዚያ ነው።

ዱሮ ነው፤ እንስሳ አፍ በነበረው ዘመን። እንጨቱም ገመዱም ሲነኩት «ምነው?» ይል ነበር። በዚያን ዘመን አንድ ገደል ነበር። ከገደሉ ወዲህ ተረተር አለ፣ ሣሩ ደርቆ የሚንኮሻኮሽ። ከገደሉ ወዲያ መስክ አለ፣ ለምለም፣ ምንጭ ያለው። መሃሉን ተዉት። ወደ ታች ያየ ሁሉ ወደ ኋላው ይሸሻል።

እንስሳቱ በደቦ ማሻገሪያ ሠሩ። ወዲህ ማዶ ችካል ተከሉ። ከችካሉ ገመድ ዘርግተው ወዲያ ማዶ ካለው አለት ጋር አሰሩ። ገመዱ ላይ በቀለበት ቅርጫት አንጠለጠሉ። ወዲህ ከፍ፣ ወዲያ ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ ተሳፋሪው ገብቶ ቁጭ ሲል ቅርጫቷ በራሷ ጊዜ ቁልቁል ትንሸራተታለች። ባዶዋን በቀጭን ሲባጎ ወደ ላይ መልሰው ይጎትቷታል።

ጥበቃውን ለሦስት ሰጡ። ገመዱን ለጦጣ፣ ችካሉን ለጃርት፣ ቅርጫቷን ጎጆ መሥራት ለምታውቀው ለወፍ። ሦስቱም ጎበዞች ናቸው። እጃቸው ሥራ ፈቶ አያውቅም። ጣጣውም ከዚሁ መጣ።

አንድ ቀን ጦጣ ገመዱን አየና፣ «ላልተሃል» አለው።

«ከድሮም እንዲህ ነኝ» አለ ገመድ።

«ዝም በል፣ ላሳምርህ ነው።» ጎተተው፣ ጎተተው፣ እንደ ክራር ጅማት እስኪጮህ ወጠረው። ለማንም አልተናገረም።

በዚያው ቀን ጃርት ችካሉን አየና፣ «ጋሽ ችካል፣ እግርህ ሥር ምስጥ መጥቷል» አለው።

«ከገደሉ አፍ ብቻ አታስጠጋኝ፣ ልጄ።»

«አንተ ዕረፍ፣ እኔ አውቃለሁ።» ነቀለውና ወደ ገደሉ ጠጋ አድርጎ አዲስ ጉድጓድ ምሶ ተከለው። ለማንም አልተናገረም።

በዚያው ቀን ወፍ ቅርጫቷን አየችና፣ «ጠባብ ነሽ፣ እህቴ» አለቻት።

«ለአንድ ነው የተሠራሁት።»

«ለሦስት አደርግሻለሁ።» በጠርዟ ዙሪያ ሐረግ ጨማምራ ሰፋ አደረገቻት። ለማንም አልተናገረችም።

ሦስቱም አሻሻሉ። ሦስቱም «ነገ ሲያዩት ይገረማሉ» ብለው ደስ ብሏቸው ተኙ።

ሲነጋ ከተረተሩ ጀርባ ጭስ ታየ። ሰደድ እሳት! ነፋሱ ወደ ገደሉ ነው። ያ ሁሉ እንስሳ እየተጋፋ ወደ ቅርጫቷ ሮጠ።

ከሁሉ ቀድማ ሚዳቋ ደረሰች፣ ገና እግሩን ካልለመደ ግልገሏ ጋር። «ግልገል ይቅደም» ይባል ነበርና ልጇን አስገባች። ቅርጫቷ ነጎደች። ገመዱ አፏጨ። ችካሉ «ኧረ እግሬ!» ብሎ ቃተተ። ግልገሉ ወዲያ ማዶ ተወርውሮ ወደቀ። ተነሣ። እናቱን ፈልጎ ጮኸ።

ባዶዋን ጎትተው ከርከሮን አሳፈሩት። ገና ከገደሉ አፍ ሳይርቅ ችካሉ ዘመመ፣ ገመዱ ረገበ፣ ቅርጫቷ ተገለበጠች። ከርከሮ ከአንድ ቁጥቋጦ ጋር ተጋጭቶ ተንጠለጠለ። በግድ አወጡት። አንድ ክራንቻው ግን ታች ቀረ።

ሚዳቋ ወዲህ፣ ልጇ ወዲያ። ቀና ብላ ብታይ ከልጇ በላይ አንድ ንስር ይዞራል። ዞር ብላ ብታይ እሳቱ ተረተሩን ሊያልፍ ነው።

«ማነው የነካው?» አለ ከርከሮ፣ ደሙን እየጠረገ።

«እኔ አጠበቅሁት እንጂ አልነካሁትም!» አለ ጦጣ።

«እኔ ከምስጥ አዳንኩት እንጂ አልነካሁትም!» አለ ጃርት።

«እኔ አሰፋኋት እንጂ አልነካኋትም!» አለች ወፍ።

«ክራንቻዬ ታዲያ በራሱ ጊዜ ነው የወለቀው?» ከርከሮ ተነሣ፣ ጃርት እሾሁን አቆመ፣ ጦጣ ድንጋይ አነሣ።

«በሕግ አምላክ!» ብላ ጮኸች ሚዳቋ።

ይቺን ቃል የሰማ በዚያ ዘመን ቀጥ ነው። ያነሣውን ሳይወረውር፣ የተናገረውን ሳይጨርስ። ሁሉም ቆሙ።

«ልጄ ወዲያ ማዶ ነው» አለች። «ጠባችሁ ይቆይ። ማሻገሪያው የሚነካበት ሕግ ይውጣ። አሁን፣ እዚሁ።»

ይሄኔ ቀበሮ ድንጋይ ላይ ወጣ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ወገኖቼ፣ የጠፋው ፈቃድ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ገመድም ሆነ ችካል፣ ቅርጫትም ሆነ ሲባጎ፣ መንካት የፈለገ በእኔ በኩል። ጠይቁኝ፣ እፈቅዳለሁ። የድካሜን ነገር ኋላ እንነጋገራለን፤ እንቁላል ቢሆን አልጠላም።»

«ስለ ገመድ ምን ታውቃለህ አንተ?» አለ ከርከሮ።

«ስለ ገመድ ምን አገባኝ? እኔ የማውቀው ስለ ፈቃድ ነው።»

እንዲህ ያለውን እናንተም ሰፈር አታጡትም። ግን እሳቱ እየመጣ ነው፣ ማን ይከራከር? ተሰለፉ። ጦጣ በቀበሮ ጆሮ፣ «ገመዱን መልሼ ልወጥረው?» «ወጥር!» ጃርት በጆሮው፣ «ችካሉን እዚያው ባለበት በድንጋይ ልደግፈው?» «ደግፍ!» ወፍ በጆሮው፣ «ቅርጫቷን ሌላ ሐረግ ልደርብላት?» «ደርቢ!» አንዱ የጠየቀውን ሌላው አልሰማም። ቀበሮም አንዱን ከሌላው አላገናኘም። አፉን ብቻ ከፈተ፣ ዘጋ።

«አለቀ፣ ተሳፈሩ!» አለ።

«አንተ ቅደም» አለው ከርከሮ።

«እኔ? ፈቃድ ሰጪ ከሞተ ማን ሊፈቅድ ነው?»

«እንግዲያው ድንጋይ ይቅደም።» ትልቅ ድንጋይ ገፍተው አስገቡ። «ኧረ እኔ ምን አጠፋሁ!» አለ ድንጋዩ። ሰሚ የለም። ቅርጫቷ ሄደች። መሃል ስትደርስ ችካሉ ጎበጠ፣ ቅርጫቷ ተንጋደደች፣ ድንጋዩ ወጣ። ድምፁ ቆይቶ፣ ቆይቶ መጣ። ድው።

ሚዳቋ ዓይኗን ከልጇ አላነሣችም። ንስሩ ዝቅ ብሏል።

ጃርት ድምፁ ደከመ። «ወደ ነበረበት እንመልሰው። ያኔ ይሠራ ነበር።»

«እንዴት ነበር?» አለች ሚዳቋ።

ጦጣ «ገመዱ እስከዚህ ነበር» አለ። ወፍ «የለም፣ እስከዚህ» አለች። ሁሉም የየራሱን ሲያሳምር ኖሯል፤ ማሻገሪያውን ሙሉውን ልብ ብሎ ያየ የለም። ጭሱ ዓይን ማቃጠል ጀመረ።

«እነሱን ጠይቋቸው እንጂ!» አለች ሚዳቋ። «እናንተ ገደሉን ከዳር ነው የምታዩት፤ እነሱ ግን ገደሉ ላይ ነው የኖሩት።»

ጦጣ ጎንበስ አለ። «አንተ ገመድ፣ የት ጋ ነበር የምትታሰረው?»

«ዛሬ ጠየቅኸኝ» አለ ገመድ። «ችካሉን ስታከክ የተላጥኩበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ እሰረኝ።»

«ጋሽ ችካል፣ አንተስ?»

«አሮጌው ጉድጓዴ አፉን ከፍቶ ያው ነው። ምስጡን በአመድ ማባረር ሲቻል እኔን ለምን አባረራችሁኝ?»

«አንቺስ፣ እህቴ?»

«አዲሱን ሐረግ ፍቺው» አለች ቅርጫት። «የድሮው ጠርዜ ከሥሩ አለ።»

ተረባረቡ። ችካሉን ወደ ጉድጓዱ፣ ገመዱን ወደ ልኩ፣ ቅርጫቷን ወደ ጥበቷ መለሱ። ሦስቱ ላብ በላብ ሆኑ። «በይ ግቢ፣ እቴ ሚዳቋ!» አለ ጦጣ፣ ከገመዱ ላይ ዘሎ እየወረደ። «ልጅሽ ጋ ድረሽ!»

ሚዳቋ አንድ እግሯን አነሣች። መልሳ አወረደችው።

«አልገባም።»

«እብድ ናት!» አለ ቀበሮ። «ንስሩ ልጇን ሊበላባት ነው!»

ሚዳቋ ወደ ሦስቱ ዞረች። «ሕጉ አላለቀም። ሰዎች ሲካሰሱ ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው ተቋጥሮ፣ ቁራኛ ሆነው ነው ዳኛ ፊት የሚሄዱት። አንዱ ሌላውን ጥሎ እንዳይሸሽ። እኛም እንደዚያ እንሁን። የነካ፣ ከሚሳፈረው ጋር ይታሰር። ጦጣ ከእኔ ጋር ይምጣ።»

«ወፍም ከእኔ ጋር» አለ ከርከሮ።

«ክንፍ አለኝ እኮ!» አለች ወፍ።

«ለዚህ ነው የምትታሰሪው።»

«ከጃርት ጋርስ ማን ይታሰር?» ሁሉም እሾሁን አይተው ወደ ኋላ አሉ። ከዚያ ሁሉም ወደ ቀበሮ ዞሩ።

«እኔ ምን ነካሁ?» አለ ቀበሮ።

«አፍህ ነክቷል!»

እግሩን ከጃርት እግር ጋር ሲያስሩት የጮኸውን ጩኸት ተዉት። የሚዳቋን የፊት እግር ከጦጣ ጭራ ጋር ቋጠሩ። ሕጉን በአንድ አፍ አሉት፣ ከርከሮ እያወጣ፣ እነሱ እየተቀበሉ፤

«ሊነካ ያሰበ ይናገር!» «ይናገር!»

«የሚነካውን ይጠይቅ!» «ይጠይቅ!»

«የነካ ይሳፈር!» «ይሳፈር!»

ሚዳቋ ወደ ቅርጫቷ ጎተተችው። ጦጣ አልተንቀሳቀሰም። ጭራው ተወጠረ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ቆይ» አለ። «ቆይ፣ እቴ።»

«ምን ሆንክ?»

«ገመዱን... ቅድም፣ እናንተ ችካሉን ስትጠቀጥቁ... ጉሎ ፍሬ ጨፍልቄ ቀባሁት። እሳቱ እየመጣ ነው፣ ቶሎ ይሂዱ ብዬ ነው! ለደግ ነው!»

ሁሉም ገመዱን አዩት። ያበራል። የተቀባ ገመድ ላይ ቅርጫቷ ስትነጉድ ወዲያ ማዶ ያለው አለት ላይ ትፈጠፈጣለች።

«አንተስ ለምን አልተናገርክም?» አለ ጃርት ገመዱን።

«የጠየቃችሁኝ የት እንደምታሰር ነው። ቅባቱን ደግሞ... ሽታው ደስ ብሎኝ ነበር።»

«ብቻዬን ልትሰደኝ ነበር?» አለች ሚዳቋ፣ ቀስ ብላ።

ለወሬ የሚሆን ጊዜ የለም፤ የሣሩ እሳት ፍንጣሪ ጀርባቸውን ይለበልብ ጀመር። ጦጣ አሸዋ በእቅፉ ሙሉ ዝቆ ቅርጫቷ ውስጥ ገባ። «ግቢ። ከቀለበቱ ፊት ፊት እየቀደምኩ ቅባቱን አደርቀዋለሁ።»

«ሁለታችሁ ተደምራችሁ አንድ ከርከሮ አትሞሉም፣ ግቡ» አለች ቅርጫት።

ሄዱ። ጦጣ ተንጠራርቶ ገመዱን በአሸዋ ያሻል። ቅርጫቷ ትንሸራተታለች፣ ትያዛለች። ያሻል፣ ትንሸራተታለች፣ ትያዛለች። ያሻል... አሸዋው አለቀ። ገና መሃል ናቸው። ቅርጫቷ ነጎደች።

«ጦጣ!»

ጦጣ ገመዱን በሁለት መዳፉ ጨምድዶ ያዘ። ቆዳው ጨሰ። ጥርሱን ነክሶ ጮኸ፣ ግን አልለቀቀም። ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ እያሉ አለቱ ሥር ደረሱ።

በዚያች ቅጽበት ንስሩ ክንፉን አጠፈና ወደ ግልገሉ ተወረወረ። ሚዳቋ መታሰሯን ረስታ ዘለለች። ጦጣም በጭራው እየተጎተተ፣ መዳፉ ደም እያንጠባጠበ፣ እየጮኸ ከኋላዋ ተንከባለለ። ንስሩ ቁልቁል ሲመለከት ስምንት እግር፣ ሁለት ራስ፣ አንዱ አፉ የሚያጉረመርም ሌላው አፉ የሚያለቅስ ፍጥረት እየመጣበት ነው። «ይሄንንስ አላውቀውም!» ብሎ ወደ ሰማይ ተመለሰ። ግልገሉ ከእናቱ ሆድ ሥር ገባ።

«አሁን ፍቺኝ» አለ ጦጣ።

«ሌሎቹ አልተሻገሩም» አለች።

በአሸዋና በጦጣ መዳፍ በደረቀው ገመድ ሌሎቹ ተሻገሩ። ከርከሮ ከነወፉ መጣ። የቀሩትም በየተራ። ጦጣ እንደታሰረ ቆሞ ቀለበቱን ያያል፣ ገመዱን «እንዴት ነህ?» ይላል፣ ችካሉን ከማዶ «ጋሽ ችካል፣ ጸንተሃል?» ብሎ ይጣራል። መጨረሻ ላይ ቀበሮና ጃርት መጡ፤ ቀበሮ ቅርጫቷ በተወዛወዘች ቁጥር «ወይኔ!» እያለ። እነሱ መሬት ሲረግጡ እሳቱ ችካሉን ያዘው።

«ሂዱ ልጆቼ» አለ ጋሽ ችካል ከማዶ። «ሌላ ስትተክሉ ጠይቁት።» ገመዱ ተቆረጠና ወደ ገደሉ ወረደ።

ዝናብ ሲመጣ ሌላ ችካል ቆረጡ። ጉድጓድ ሳይምሱ፣ ገመድ ሳይፈትሉ፣ ቅርጫት ሳይሰፉ፣ መጀመሪያ ሕጉን ቆመው አሉት። አራተኛ ቃልም ጨመሩበት፤ «የፈቀደም አብሮ ይሳፈር!» ቀበሮ ይቺን ቃል ሲሰማ ዛሬም ጫካ ይገባል። የጦጣ መዳፍ ላይ ደግሞ ከዚያን ቀን ወዲህ ፀጉር በቅሎ አያውቅም። ካላመናችሁ እዩት።

ለደግ ብሎ በስውር ከሚነካ ጎበዝ፣ ነክቻለሁ ብሎ አብሮ የሚሳፈር ይሻላል።

እኔ ተረቴን አሳፍሬአለሁ፤ እናንተ በደህና አውርዱት።