ውሾቹን ማን አሰራቸው?

ባለቤትህ «ሰውነቴ ለምን ከዳኝ?» እያለች ታለቅሳለች አልከኝ፣ ድንበሩ። ጉበቷ ላይ ዕጢ ሲያድግ ጠባቂ የተባሉት ሴሎች የት ነበሩ ነው ጥያቄህ። በል ተቀመጥ። እንዲህ እየተንቆራጠጥክ እኔንም ሐኪምህን አታስጨንቀኝ!

አንድ ባለጠጋ ነበረ፤ ቤቱ ከገበያ መንገድ ዳር፣ እንግዳ ከደጁ የማይጠፋ። ውሾቹ ክፉዎች ናቸው፤ እንግዳ ሲመጣ ግን እንደ ደንቡ ይታሰራሉ። እሰሩ ፍቱ የምትለው ወጥ ሠሪዋ ነበረች። እሷ ደግሞ ጓዳ ስለምትውል ደጁን አታይም። እንግዳ ባዶ እጁን አይመጣምና ቅቤ ሲገባላት «ውሻ እሰሩ!» ትላለች።

ይህን አንድ ሌባ ደረሰበት። ጓሮ ገብቶ ተደበቀና ጠዋት ማታ ወደ ጓዳ ቅቤ ይልክ ጀመር። ውሾቹ ታስረው ዋሉ፣ ታስረው አደሩ። ሌባው መጀመሪያ ዶሮውን፣ ቀጥሎ እህሉን ጨረሰ። ባለጠጋው ልቡ አልቀመጥ አለው። ሌላ ውሻ አመጣ፣ ደግሞ ሌላ። ወይ ጉድ! የመጣው ሁሉ ይታሰራል። «ሆዳም ሁላ!» እያለ በዱላ ይላቸዋል።

«አንተ ሰውዬ፣ ገመዱን አታይም እንዴ?» አለችው ሚስቱ። ጓዳ ገባችና ቅቤውን ከወጥ ሠሪዋ እጅ ነጠቀች። «እንግዳ የለም፤ ፍቱ በያቸው!» ውሾቹ ተፈቱ፤ ሌባው አጥር ጥሶ ፈረጠጠ። ብቻ በዚያው ግርግር አንድ ምስኪን መንገደኛም ተነከሰ።

ጉበትም እንዲሁ ነው፣ ድንበሩ። አንጀት ያሳለፈው ሁሉ መጀመሪያ እሱ ዘንድ ይደርሳል። ጠባቂ ሴሎቹ ያገኙትን ሁሉ ቢነክሱ ጉበቱ ራሱ ይቆስላል። ስለዚህ በየሴሉ አስኳል ውስጥ ተቀባዮች የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ፣ ልክ እንደ ወጥ ሠሪዋ፤ ስቡ፣ የሐሞቱ አሲድ፣ ሆርሞኑ ሲደርሳቸው «ተነሱ» ወይም «ተረጋጉ» የሚለውን ትእዛዝ ያስተላልፋሉ። ዕጢ ይህን ትእዛዝ ወደ ራሱ ጥቅም ሊያዞረው ይችላል። ተመራማሪዎቹ ከጓዳው በር ደርሰዋል፤ የትኛውን ፈትተው የትኛውን እንደሚያስሩ ግን ገና በደንብ አልለየላቸውም። ንክሻውንም ይፈራሉ። እኔም ትድናለች ብዬ አልምልልህም፤ እንቅልፍ የነሳኝም ይኸው ነው።

ሰውነቷ ግን አልከዳትም፤ እጁን ተይዞ ነው። እሷ እዚያ ብቻዋን ራሷን እየረገመች አንተ እኔ ዘንድ ምን ትሠራለህ? ተነስ፣ ሄደህ ንገራት።