ሃምሳ አንድ ያመጣው ተማሪ

አንድ ለጀማሪዎች የኮምፒውተር ፕሮግራም አጻጻፍ የሚያስተምር መምህር ነበር። የመጀመሪያውን ፈተና አርሞ ሲጨርስ አዘነ፤ ከሃያ አራት ተማሪ ሃምሳና ከዚያ በላይ ያመጡት ዘጠኝ ብቻ ናቸው። ከሃምሳ በታች ያመጣ ደግሞ ከሀ ጀምሮ ይደግማል እንጂ ወደ ሁለተኛው ደረጃ አያልፍም።

ወረቀቱን የመለሰላቸው ዕለት «ዛሬ አዲስ ትምህርት የለም» አላቸው። «ሁላችሁም የየራሳችሁን ወረቀት አንብቡ፤ የት እንደተሳሳታችሁ ፈልጉ። እኔም ሳርም ተሳስቼ ከሆነ ንገሩኝ።»

ምንተስኖት የሚባል ተማሪ ሃምሳ አንድ አምጥቷል። ለጥቂት ተርፏልና ተመስገን ማለት ነበረበት። ግን ምን ያደርጋል፣ ዓይኑ አጠገቡ በተቀመጠችው በየትናየት ወረቀት ላይ አረፈ። ዘጠና ሁለት! «ኮምፒውተር እንዴት እንደሚከፈት እንኳ ያሳየኋት እኔ ነኝ እኮ! ዛሬ እሷ ትብለጠኝ?» እያለ በልቡ ተብሰለሰለ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ከራሱ ሃምሳ አንድ ይልቅ ያንገበገበው የእሷ ዘጠና ሁለት ነው።

«እስቲ ወረቀትሽን ልየው» አላት ፈገግ ብሎ። እሷም ሊማርበት መስሏት ሰጠችው።

የራሱን ወረቀት ገልጦ እንኳ አላየውም። እርሳሱን አነሳና የእሷን ፕሮግራም ልክ ኮምፒውተሩ እንደሚያነበው መስመር በመስመር ይከተለው ጀመር። አቤት ትጋት! በፈተናው ቀን እንኳ እንዲህ አልለፋም። ከአንድ እስከ አስር ያሉትን ቁጥሮች ደምር የሚለው ጥያቄ ላይ ሲደርስ፣ የእሷ ፕሮግራም ዘጠኝን ደምሮ ይቆማል። አስር ተረስቷል፤ ሙሉ ነጥብ ግን ተሰጥቷታል።

ዘሎ ተነሳ። «ቲቸር! የየትናየት መልስ ስህተት ነው፤ ዘጠኝ ላይ ይቆማል!»

መምህሩ መጥቶ አየው። «እውነትህን ነው፤ እኔ ሳላስተውል አልፌዋለሁ። ሦስት ነጥብ ይቀነሳል» አለ። ምንተስኖት ደስታውን መደበቅ አቃተው። «ግን ለአንዷ ከተቀነሰ ለሁሉም ነው። ይህን ጥያቄ ሁላችሁም አሳዩኝ።»

«ምነው አርፈህ ብትቀመጥ!» አለው አንዱ ከኋላ።

መምህሩ እየዞረ ምንተስኖት ጋ ደረሰ። የእሱም ፕሮግራም ዘጠኝ ላይ ይቆማል። ሃምሳ አንዱ አርባ ስምንት ሆነ።

«ኧረ ቲቸር፣ በፈጠረዎት! አላየሁትም እኮ!»

«የእሷን እንዴት አየኸው ታዲያ?» አለው መምህሩ።

የትናየት ሰማንያ ዘጠኝ የሆነውን ወረቀቷን ተቀብላ ስህተቷን አረመች። «ምቀኛ አታሳጣኝ የሚባለው ለካ ወደው አይደለም፤ ይህን ስህተት ይዤው ላልፍ ነበር» አለችው። ነገር መፈለጓ አልነበረም፤ ከልቧ ነው። እሷ ወደ ሁለተኛው ደረጃ አለፈች፤ እሱ ከሀ ጀመረ።

ቅናት ዓይን ያሳውራል ይላሉ። እኔ ግን እላለሁ፦ ከቀናተኛ በላይ አጥርቶ የሚያይ የለም፤ ክፋቱ የሚያየው የሰውን መሆኑ ነው። ምንተስኖት ችሎታ አላነሰውም። ያን ሁሉ ትጋት በራሱ ወረቀት ላይ ቢያውለው ኖሮ ስህተቱን በፈተናው ቀን ያገኘው ነበር። እኔና እናንተስ፣ ዛሬ የማንን ወረቀት ስናገላብጥ ዋልን?