ደህና ነው ያለው ለፋፊ

አንድ ሰው ነበረ፤ የሚበላው ከጩኸቱ ነበር።

ይህን ያልኩት ለጎረቤቴ ልጅ ለትርሲት ነው። ትርሲት የአንድ የትግል ትርዒት ቡድን ቃል አቀባይ ናት። ከታጋዮቻቸው አንዱ በትርዒት መሀል ወድቆ ሆስፒታል ገብቷል። አለቃዋ ሁለት መስመር ጽፎ ሰጥቷታል፤ ታጋያችን ደህና ነው፣ በቅርቡ ወደ መድረክ ይመለሳል የሚል። ከሰዓት በኋላ ለጋዜጠኞች ልታነበው ነው። «ጋሼ፣ ሕዝቡን ከማስደንገጥ ይህ አይሻልም?» ብላ ጠየቀችኝ። የጠየቀችው ለማወቅ እንጂ ለመከራከር አልነበረም፤ ስለዚህ ነገርኳት።

ሰውየው ለፋፊ ነበር። ከገበያ ገበያ የሚዞር አንድ ድንኳን ነበረ። በድንኳኑ ውስጥ ሁለት ጡንቸኞች ይታገላሉ፤ እሱ በር ላይ ቆሞ በቆርቆሮ ጡሩምባ ሕዝቡን ይጠራል። ከጡንቸኞቹ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር ነበር። አጭሩ እኔ ነኝ። እንዴት እዚያ እንደደረስኩ አልነገርኳትም። የሚያበላኝ ሌላ ቦታ አልነበረም፤ ይኸው ነው።

ትግሉ የተስማማንበት ነበር። ማን እንደሚወድቅ ጠዋት እንነጋገራለን። መሬቱ ግን ከማናችንም ጋር አልተስማማም፤ ጭድ በሞላ ጆንያ ላይ መውደቅም ያማል። ስለዚህ አንድ ምልክት ነበረን። እጅ ለእጅ ስንያያዝ አንዱ ጨበጥ ያደርጋል። ሌላው መልሶ ጨበጥ ካደረገ አልተጎዳሁም፣ እንቀጥል ማለቱ ነው።

አንድ ቅዳሜ ረጅሙ ሲወድቅ ጭንቅላቱ ከድንኳኑ ምሰሶ ጋር ተላተመ። እንደ ምንም ተነሳ። ሕዝቡ ፀጥ አለ። ለፋፊው ጠጋ ብሎ «ደህና ነህ?» አለው። ረጅሙ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። ለፋፊው ጡሩምባውን አንስቶ ጀግናችን ደህና ነው ብሎ ሲጮህ ድንኳኑ በጭብጨባ ተናጋ።

እዚህ ላይ ትርሲትን አንድ ነገር ጠየቅኳት። ዛሬ ጠዋት ከቤት ስትወጪ ስንት ሰው ደህና ነሽ ወይ አለሽ? ለስንቱስ እውነቱን ነገርሽው? ሳቀች። ሌሊቱን ሙሉ ጥርሷን ሲያማት አድሮ ለሁሉም «ደህና» ብላ እንደመለሰች ነገረችኝ። እንዲህ ነን። አልጋ ላይ ተኝተን፣ ጠያቂ በዙሪያችን ተቀምጦ እንኳ ደህና እንላለን። ለፋፊው የሰማው ሰላምታ ነበር፤ ለሕዝብ ያወራው ግን ዜና አድርጎ ነው። ክፋት አልነበረውም።

ያን ቀን ረጅሙ ወደ ማደሪያችን ሲመለስ የእኔን ጫማ አድርጎ ነበር። እግሩ ከእኔ እግር በሁለት ጣት ይበልጣል። ተረከዙ ውጭ ቀርቶ እየተንገዳገደ ሄደ፤ አላወቀውም። ለፋፊው አየ። እኔም አየሁ። ሳቅንበት።

በሳምንቱ ድንኳኑ የተተከለው በረጅሙ የትውልድ አገር ነበር። ሦስት ወንድሞቹ ከፊት ተቀመጡ። ታላቅየው እኔን ከላይ እስከ ታች አየኝና ወንድሙን «ለዚህች ጉቶ ነው አገር ጥለህ የሄድከው?» አለው። ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ ረጅሙ ግን ዘግይቶ ነው የሳቀው።

ገና እንደጀመርን ደረቱን በመዳፌ ገፋ አደረግኩት። ሕፃን የማይጥል ግፊት ነበር። ወደቀ። ሕዝቡ ማስመሰሉን አደነቀለት። እጁን ይዤ ጨበጥ አደረግኩ። አልመለሰም። ደገምኩ። ዓይኑ ተከፍቷል፤ እኔን ግን አያይም።

በቃሬዛ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ሐኪም አልነበረም፣ አንድ ድሬሰር ብቻ። አሠሪያችን ባለድንኳኑ ለድሬሰሩ፣ ረጅሙ የወደቀው ቁርስ ሳይበላ ስለታገለ ነው አለው። ድሬሰሩም አምኖ ግሉኮስ ሰቀለለት። ወንድሞቹ ዱላ ይዘው በር ላይ ቆመዋል፤ የሚፈልጉት እኔን ነው። ሕዝቡ ተከትሏቸው መጥቶ ግቢውን ሞላው። አንዱ ሞቷል ይላል። ሌላው አጭሩ መዳፉን መርዝ ቀብቶ ነበር ይላል። እኔ ከለፋፊው ጀርባ ከግድግዳው ጋር ተጣብቄያለሁ። መሮጫ አልነበረኝም።

ባለድንኳኑ ጡሩምባውን ለለፋፊው ሰጥቶ ደህና ነው በልና በትናቸው አለው። ለፋፊው ደረጃው ላይ ወጣ። «ጀግናችን ደህ…» ብሎ አቆመ። ለምን እንዳቆመ እስከ ዛሬ ይገርመኛል፤ ጠይቄው አላውቅም። ጡሩምባውን ከእግሩ ሥር አስቀመጠና በራሱ ድምፅ ተናገረ። ድምፁ ቀጭን ነበር። ሁለት ዓመት አብሬው ስኖር ያለ ጡሩምባ ለሕዝብ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም ነበር።

«ደህና ይሁን አይሁን አላውቅም» አለ። «የማውቀውን ልንገራችሁ። ባለፈው ቅዳሜ ጭንቅላቱን ምሰሶ መትቶታል። ያን ቀን የሰው ጫማ አድርጎ ሲሄድ አይቼ ስቄያለሁ። ደህና ነህ አልኩት፣ ደህና አለኝ፣ እኔም ደህና ነው ብዬ ጮህኩ። ከጀርባዬ ያለው ይህ ልጅ ዛሬ የነካው በመዳፉ ብቻ ነው። ዱላ የሚገባው ሰው ካለ እኔ ነኝ። ይተርፍ እንደሆነ አላውቅም። እየገባሁ ድሬሰሩን እጠይቃለሁ፣ እየወጣሁ እነግራችኋለሁ። ምንም ካላለም ምንም አላለም እላችኋለሁ።»

ታላቅ ወንድምየው ደረጃውን ወጣ። ሊመታው መስሎኝ ነበር። «የማንን ጫማ?» አለው። ለፋፊው ወደ እኔ ጠቆመ። ወንድምየው እግሬን አየ። ብዙ አየው። «የማይገባውን?» አለ ቀስ ብሎ።

ይህን ጊዜ መስኮቱ ተከፈተ። ድሬሰሩ ነበር። «መቼ ነው የተመታው ያልከው?» አለ። ቅዳሜ አለው ለፋፊው። አስመልሶት ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ። ሰኞም ማክሰኞም አስመልሶታል አልኩ እኔ። አብሬው ነው የማድረው፤ እስከዚያች ሰዓት ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ድሬሰሩ ይህ ረሃብ አይደለም፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል፣ አሁኑኑ ትልቁ ሆስፒታል ይድረስ አለ። ከሕዝቡ መሀል አንድ ነጋዴ የእህል መኪናዬ ገበያው ውስጥ ቆሟል ብሎ ተናገረ። እህሉን ያወረዱት ወንድሞቹ ናቸው፤ ዱላቸውን ጥለው። እኔም ከእነሱ ጋር ጆንያ ተሸከምኩ። ማንም አልነካኝም።

መኪናው ከሄደ በኋላ ለፋፊው ስልክ ቤት ይሄድና ይመለሳል። «ገና ነው፣ ምንም አልሰማሁም» ይላል። ሰዉ ይህን ሰምቶ ተመልሶ ይቀመጣል። ምንም የሌለበት ወሬ ሰውን እንዲህ ሲያሳርፍ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። መርዝ ነው የሚለውም ሰው የሚሰማው አጥቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

ረጅሙ ተረፈ። ቀኝ እጁ ግን ከዚያ ወዲያ ብርጭቆ አላነሳም። ነገሩ ቅዳሜውኑ ተነግሮ ቢሆን ኖሮ እጁም ይተርፍ ነበር? ይህንንም አላውቅም። ለፋፊውን ባለድንኳኑ በማግስቱ አባረረው።

ከዚያ ወደ ትርሲት ዞርኩ። «ለፋፊው አንቺ ነሽ» አልኳት። «ያ የሰጡሽ ወረቀት ሰላምታ እንጂ ዜና አይደለም። ሕዝቡ እንዳይደነግጥ ትሰጊያለሽ። የሚሰማሽ ግን ደጅ የቆመው ሕዝብ ብቻ አይደለም፤ ውስጥ ያለው ሐኪምም ይሰማሻል። አንቺ ደህና ነው ካልሽ ማን ምን ብሎ ይጠይቃል?»

ወረቀቱን አጣጥፋ አስቀመጠችው። ከዚያ ሳልጠይቃት ተናገረች።

«ታጋያችን ከመውደቁ ሁለት ቀን በፊት ስሜን ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። ሦስት ዓመት አብረን ሠርተናል ጋሼ። የቀለደ መስሎኝ ነበር።»

«ሐኪሙ ይህን ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እንግዲያው ጋዜጠኞቹ ይቆዩ» አልኳት። «መጀመሪያ ሐኪሙ ጋ ደውይ።»