ጅብ የሚጠብቀው የመድኃኒት መስክ

አንድ ወንዝ መካከሉን የሚያቋርጠው ሰፊ ዱር ነበር። ሕጎቹ ጥቂት ናቸው፤ ሁሉም ያውቃቸዋል። ውኃ የሚጠጣ አይነካም። የሚጠባ ግልገል ያላት እናት አትታደንም። የሞተ ሁሉ ደግሞ የጅብ ነው። ይህ የመጨረሻው ሕግ ትክክል ይሁን አይሁን የጠየቀ አልነበረም፤ ለሞተ ማን ይከራከራል?

አንድ ዓመት ጉሮሮ የሚዘጋ በሽታ ገብቶ ብዙ ቤት ባዶ አደረገ። አንበሳው እንስሳቱን ሁሉ ከዋርካው ሥር ሰበሰበና እንዲህ አለ።

«ልጆቻችሁ ያለቁት መድኃኒት ጠፍቶ አይደለም፤ መድኃኒቱ ተበታትኖ ነው። አንዱ ሥር ተራራው ላይ፣ ሌላው ቅጠል ገደሉ ውስጥ። እያንዳንዱ ቤት ከወንዙ ዳር ካለው ሣሩ እኩሌታውን ይስጥ። መሬቱን አንድ ላይ አድርገን እናጥረዋለን፤ መድኃኒት ይተከልበታል። ከዚያ በኋላ የታመመ ሁሉ በሩ ድረስ መጥቶ ይወስዳል። ቃሌ ነው።»

በሩን እንዲጠብቅ ጅብ ተሾመ። ማን ታመመ፣ ማን ምን ይገባዋል የሚለውን እንዲወስን ቀበሮ ጸሐፊ ሆነ።

እንስሳቱ ግን አመነቱ። ያን ጊዜ ነው ድኩላው ጓንጉል የተነሣው። ጓንጉል የተከበረ ነው፤ የተጣሉትን ያስታርቃል፤ ዋሽቶም አያውቅም። ከቤት ቤት እየዞረ «ዛሬ ሣር እንሰጣለን፣ ነገ ልጅ እናተርፋለን» ይል ጀመር። ሁሉም የእሱን ቃል አምኖ ሰጠ። የመጨረሻዋ እመት ሽታዬ ነበረች፤ አንድ ግልገል ብቻ ያላት ባል የሞተባት ሚዳቋ።

«ጓንጉል፣ ወንድሜ» አለችው፤ «ሬሳ የሚበላ የመድኃኒት በር ላይ ሲቆም አይከብድህም?»

«አያ ጅቦ ዘበኛ ነው እንጂ ሐኪም አይደለም» አላት።

ሰጠች።

በሁለተኛው ዓመት የሽታዬ ግልገል ሆዱን ታመመ። በሩ ላይ ሦስት ቀን ቆመች። በአራተኛው ቀን ግልገሉ ሞተ፤ ጅብም በሕጉ መሠረት ወሰደው። ሽታዬ ለንጉሡ ልትጮህ ስትሄድ ጓንጉል መንገድ ላይ አገኛት።

«ሥርዓቱን ሳትከተይ ቀርተሽ ይሆናል፤ ንጉሡን አታሳዝኚ» ብሎ መለሳት።

እሷም ተመለሰች። ከዚያ ቀን በኋላ ግን እግዜር ይመስገን ከማለት በቀር አላነጋገረችውም።

ሦስት ዓመት አለፈ። የወንዙ ዳር ሣር ስለ ጠበበ የጓንጉል ቤተሰብ ድንጋያማው ኮረብታ ላይ ይግጥ ነበር። አንድ ቀን ሚስቱ ማንጠግቦሽ ቁልቁለቱ አንሸራተታትና የደረቀ ጉቶ ጭኗ ውስጥ ገባ። በሳምንቱ ቁስሉ አመረቀዘ፤ ትኩሳቱ ከፍ አለ። ጓንጉል ያለ ሥጋት ወደ በሩ ሄደ።

«ጋሼ ጓንጉል! መድኃኒቱ የእርስዎው አይደለም እንዴ?» አለ ቀበሮው በፈገግታ። «ብቻ ሐኪሙ ምልክት ያደረገበት ቅጠል ያምጡልኝ።»

ሐኪሙ ጉሬዛ የሚኖረው ከገደሉ አናት ላይ ነው። ጓንጉል ሙሉ ቀን ወጣ፤ ሙሉ ቀን ወረደ። ቀበሮው ቅጠሉን አገላብጦ አየው።

«ይሄ ‹ቁስል› ይላል። ቃል የተገባው ለበሽታ ነው። ቁስል አደጋ ነው።»

«ቁስሉ እኮ መግል ይዟል። በትኩሳት እየነደደች ነው!»

«እንግዲያው ‹ትኩሳት› የሚል ያምጡ።»

እንደ ገና ወጣ፤ እንደ ገና ወረደ። ቀበሮው ሁለተኛውን ቅጠል ተቀብሎ በአክብሮት አስቀመጠው። «አሁን ተሟልቷል» አለ። «የሚያሳዝነው መድኃኒቱ አልቋል። ዝናቡ አንሶ ነበር።»

 ጅቡ ከበሩ ሥር ተነሥቶ ቀረብ አለና በለሆሳስ ጠየቀው።

«እመት ማንጠግቦሽ እንዴት ናቸው? ከስተዋል ወይስ ሰውነታቸው እንዳለ ነው?»



በማግስቱ ጓንጉል ጉባኤ አስጠራ። ከዋርካው ሥር ቆሞ የሆነውን አንድም ሳያስቀር ተናገረ። አንበሳው በትዕግሥት ሰማው።

«ጓንጉል ወዳጄ ነው» አለ፤ «ሐዘኑ ሐዘኔ ነው። እንግዲህ በመስኩ ላይ ሌላ ቅሬታ ያለው ካለ ይናገር።»

ጓንጉል ዘወር ብሎ አየ። በዚያው በር ላይ ቆማ ልጇን ያጣችው አሳማ ነበረች። መድኃኒት ተከልክሎ ዓይኑ የጠፋው ጃርት ነበር። ሁሉም አንገታቸውን ደፍተዋል። በመጨረሻ ሽታዬ ብድግ አለች።

«እኔ ቅሬታ የለኝም» አለች። «ቅሬታ የነበረኝ ልጄ የሞተ ዕለት ነው። ያን ዕለት ወደዚህ ስመጣ ከመንገድ የመለሰኝ ይሄ ድኩላ ነው። ስለዚህ አልመሰክርለትም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። በሩ ይከፈትና መስኩን እንየው።»

«መስኩ የሁላችሁም ነው» አለ አንበሳው። «የሁሉም የሆነውን ነገር አንዱ ብቻውን እከፍታለሁ ሊል አይችልም።»

አነጋገሩ ለብዙዎች ጥልቅ መሰላቸው። ጉባኤው ተበተነ።

ጓንጉል ወደ ቤቱ አልሄደም። በወንዙ በኩል ዞሮ፣ ጅቡ በማያይበት፣ የእሾሁን አጥር ዘለለ። እሾሁ ሆዱን ቧጨረው። ቀና ሲል አንድ ሥር፣ አንድ የመድኃኒት ቁጥቋጦ የለም። ሣር ብቻ ነው፤ እሱም እስከ ሥሩ የተጋጠ። በመካከሉ ከሌላ አገር የመጡ የሰቡ ቆርኬዎች ተኝተው ያመሰኳሉ።

«እናንተ እነማን ናችሁ?» አለ።

«የንጉሡ ሰንጋዎች ነን» አለው አንዱ። «ሣሩ መልካም ነው።»

«መድኃኒቱስ? የታመመ ምን ይወስዳል?»

ቆርኬው ግራ ገባው። «የምን መድኃኒት? ከእኛ የታመመውን ንጉሡ ቀድሞ ይበላዋል።»

ማንጠግቦሽ ከጎኗ ተኝታ ስታቃስት አገኛት። ያየውን ነገራት፤ ነግሯትም አለቀሰ።

«አንተ ምን አደረግህ?» አለችው። «ያመንከውን ነው የነገርካቸው።»

«አይደለም» አለ። «የሽታዬ ልጅ ከሞተ በኋላ አላመንኩም ነበር። ዝም ያልኩት ነገሩ ወደ እኛ የሚመጣ ስላልመሰለኝ ነው።»

ማንጠግቦሽ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሃያ ዓመት አብራው ስትኖር ጀርባዋን ስትሰጠው የመጀመሪያዋ ነበር።

ሳይመሽ ሽታዬ መጣች። በአፏ የታኘከ ቅጠል ይዛለች። ልጇ ከሞተ በኋላ ጉሬዛው ዘንድ ሄዳ ኮረብታው ላይ የሚበቅለውን ሁሉ እያስጠቆመች ተምራ ነበር። ቅጠሉን ቁስሉ ላይ ለጠፈችው።

«ሽታዬ፣ ይቅር በይኝ» አለ ጓንጉል።

«ያመጣሁት ለሷ ነው» አለች፤ ወጣችም። ለዐሥራ አንድ ቀን እየተመላለሰች ለጠፈችላት። እሱን ግን አንድ ቀንም ቀና ብላ አላየችውም።

ማንጠግቦሽ ተረፈች። እግሯ ግን ሰለለና በሦስት እግር የምትሄድ ሆነች።

መኸር ሲገባ ቀበሮና ጅብ ወደ መንደሩ መጡ። መስኩ ስለ ጠበበ የቀረውም የወንዝ ዳር ሣር ሊከለል ነው ተባለ። እንስሳቱ እንደ ልማዳቸው አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። ቀበሮው ከጓንጉል ሣር ሊጀምር ሲል ማንጠግቦሽ እያነከሰች መጥታ መካከሉ ላይ ቆመች።

«ባሌ አጥሩን ዘልሎ ገብቶ ነበር» አለች፤ ድምፅዋ ከፍ ብሎ። «ውስጡ ያለውን እሱ ይንገራችሁ። ሣሩን ስትሰጡ የነገራችሁ ውሸት ሆኗል፤ ስለዚህ አሁንም አትመኑት። ሄዳችሁ እዩ።»

ጓንጉል ተናገረ።  ቀበሮው ወደ ጅቡ አየ፤ ሁልጊዜ የሚያሽካካው ጅብም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይስቅ ቀረ።

ከዚያ ሽታዬ ወደ መስኩ መሄድ ጀመረች። ማንጠግቦሽ በሦስት እግሯ ተከተለቻት። አሳማዋ ተከተለች። ጃርቱ፣ ዓይኑ ባያይም፣ የእግራቸውን ኮቴ እያዳመጠ ተከተለ። ሌሎቹ ባሉበት ቆመው ያያሉ።

ከዋሻው በኩል አንበሳው ተነሥቶ ሲያገሣ ተሰማ።

የሚሄዱት ቆሙ። የቆሙትም ወደ እነሱ አዩ። በሩ ሠላሳ እርምጃ ያህል ይቀራል።