የወይዘሮ አመለወርቅ ቴሌስኮፕ

በአንድ ወቅት፣ መብራቷ ከዋክብቷን በደበቀባት ከተማ፣ ወይዘሮ አመለወርቅ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የፊዚክስ አስተማሪ ነበሩ። ዓይናቸው እየደከመ ሲሄድ፣ ዓይንና ናጫ ሆነው የሚኖሩ ሦስት ልጆቻቸውን ጠሩ። «አንድሮሜዳ የሚባለውን ጋላክሲ፣ ሳልታወር ከዚህ ግቢ ላሳየኝ ልጄ ቴሌስኮፔን አወርሰዋለሁ» አሏቸው።

ቴሌስኮፑ ለዓመታት ሳይነካ ተቀምጦ መስታወቱ ሻግቷል። የበኩር ልጃቸው በላቸው ክፍሉን ከውስጥ ቆልፎ መስታወቱን አጠበ፤ የተዛነፈውንም አቃና። እህቱ የሺመቤት «ላግዝህ» ብትለው በሩን ሳይከፍት «እጅሽን ሰብስቢ» አላት።

ግቢ ሲያወጡት ሌላ ችግር ገጠማቸው። ጎረቤታቸው አቶ ዳምጠው ፎቃቸው ላይ የሰቀሉት ፓውዛ ግቢውን ቀን አስመስሎታል። የሺመቤት ሄዳ ለመነቻቸው።

«ለእናትሽ ዓይን ብዬ ለሌባ በር ልክፈት?» ብለው አባረሯት።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ አጥር ወጥታ ፓውዛውን በድንጋይ ሰበረችው። ዘበኛው ጎትቶ አወረዳት፤ ፖሊስ ጣቢያ አደረች። ሲወስዷት ወንድሞቿ ከተቀመጡበት አልተነሱም።

ግቢው ቢጨልምም የከተማው መብራት ሰማዩን እንዳደበዘዘው ነበር። በላቸው ቴሌስኮፑን ወዲያ ወዲህ ቢያዞር ምንም አላገኘም። ታናሽየው ናሁሰናይ እስከዚያች ሰዓት ጣቱን ያላነሳ ሰው ነው። ነገር ግን የከዋክብትን ካርታ ከእናቱ ጋር ያጠና እሱ ብቻ ነበር።

«ዞር በል» ብሎ ወንድሙን ገፈተረው። ከደማቁ ኮከብ ወደ ደብዛዛው፣ ከደብዛዛው በዓይን ወደማይታየው እየተሻገረ ጋላክሲው ላይ ደረሰ።

ወይዘሮ አመለወርቅ ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩ። «ብርጭቆ ላይ የተነፈሱበት ይመስላል» አሉ። ቀና ሲሉ «የሺስ?» ብለው ጠየቁ።

የሺመቤት በዋስ ስትመለስ ጠቡ ተነሳ።

«ሳላጸዳው ምን ሊያሳይ ነበር?» አለ በላቸው።

«እኔ ባልታሰር ምን ልታዩ ነበር?» አለች የሺመቤት።

«ሁለታችሁም አላሳያችኋትም» አለ ናሁሰናይ።

እናታቸው «ቃሌ ቃል ነው፤ ማን እንዳሳየኝ ግን ተስማሙና ንገሩኝ» አሏቸው። አልተስማሙም። በላቸው መስታወቱን፣ የሺመቤት የዓይን ሌንሱን፣ ናሁሰናይ ማቆሚያውን ነጥቀው ወደየቤታቸው ሄዱ።

ወይዘሮ አመለወርቅ አሁን ጨርሶ አያዩም። ልጆቻቸው እንዳይገናኙ ቀን ለይተው ይጠይቋቸዋል፤ እሳቸውም መልሱን እየጠበቁ ነው። እስቲ እናንተ ፍረዱ፦ ከሦስቱ ልጆች ሁለቱ የያዙትን ለየትኛው ያስረክቡ?