ቀያሹና የሽመላዋ ጎጆ

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው መንገድ ቅየሳ። ወለተ ሩፋኤል፣ «አባ፣ የወለድኳት ልጅ እንዴት የልቧን ከእኔ ትደብቃለች? ምን ባደርግ ትነግረኛለች?» ብለሽ አይደል የጠየቅሽኝ? የንስሐ አባትሽ ነኝና መልስ አላጣም፤ ግን መልሱ ያለው እዚህ ሰውዬ ዘንድ ነው። ነጠላሽን ሰብሰብ አድርጊና ስሚኝ። እንደ ልማድሽ መሃል ላይ አታቋርጪኝ።

ይህ ቀያሽ በበጋ ችካል ይተክላል። በየችካሉ ራስ ላይ ቀይ ጨርቅ ያስራል፤ ያ ጨርቅ ከሩቅ እየታየ መንገዱ ይወጣል። ክረምት ሲገባና መኪናው ጭቃ ሲይዘው ግን ሥራ ይቆማል። ያኔ ጓደኞቹ ወደ ቤታቸው ሲሮጡ እሱ የሩቅ ማያ መነጽሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወፍ ሊያይ ይወጣል። አዎ፣ ወፍ! ክረምት ወፎች ጎጆ የሚሠሩበት፣ እንቁላል የሚታቀፉበት ጊዜ ነዋ። ያየውን ሁሉ በደብተር ይጽፋል፤ የቱ ወፍ፣ የት ቦታ፣ በስንተኛው ቀን። ሰው ቢስቅበት ግድ የለውም።

ደብተሩ ውስጥ አንድ ገጽ ግን ባዶ ነበረ፤ የሽመላ ገጽ። ሽመላ ስልሽ ያቺን ቁመቷ የሰው ደረት የሚደርሰውን፣ አንገቷ እንደ ታጠበ ጋቢ የነጣውን፣ ከአገጯ ግራና ቀኝ ሥጋዋ እንደ ጉትቻ የተንጠለጠለውን ነው። እሷ በዓመት የምትጥለው አንድ እንቁላል ነው፤ ቢበዛ ሁለት። እሱ ከጠፋ የዓመቱ ልጅ ጠፋ ማለት ነው። ቀያሹ የሽመላ ጫጩት ከእንቁላል ስትወጣ ለማየት ሰባት ክረምት ሙሉ በዝናብ ተደበደበ። «ይህን ሳላይ አልሙት» ይል ነበረ።

በስምንተኛው ክረምት ከአንድ ሰፊ ረግረግ ዳር ደረሰ። ፊላው ከሰው ቁመት በላይ ነው። አንድ ሣር አጫጅ ሽማግሌ በቤቱ አሳደረው። ሲነጋ ሽማግሌው በማጭዱ ወደ ረግረጉ መሃል እያመለከተ፣ «ልጄ፣ እንደ ልብህ ዙር። ወደዚያ ብቻ አትግባ፤ እዚያ ጥልቅ ነው» አለው።

የዚያን አገር ልማድ ልንገርሽ። ሣር አጫጅ እያጨደ ሄዶ ጎጆ ላይ ከደረሰ ማጭዱን ይመልሳል። በጎጆው ዙሪያ ያለው ሣር ሳይታጨድ ይቀራል፤ የወፏ ድርሻ ነው። ወደ ቤቱ ሲገባም ለማንም፣ ለሚስቱ እንኳ፣ ጎጆ አገኘሁ አይልም። «እዚያ ጋ ጥልቅ ነው» ይላል፣ በቃ። የሰማው ሁሉ ይገባዋል፤ ዞሮ ይሄዳል፤ ሁለተኛ አይጠይቅም። ቀያሹ ግን የሌላ አገር ሰው ነው፤ ልማዱን ማን ነግሮት? ጥልቅ ነው ቢሉት ጥልቀቱን ለካ! ዘንጉን አውጥቶ ቢለካው ጉልበት አይደርስም። «እነዚህ ሰዎች የገዛ ረግረጋቸውን አያውቁትም» ብሎ ስቆ ገባ።

ፊላውን ገለጥ ቢያደርግ፣ እግዚኦ! ሽመላዋ ተቀምጣለች። በውሃው መሃል ሣር ከምራ፣ በላዩ ላይ ሆና፣ አንገቷን ቀና አድርጋ አየችው። ዓይኗ ፍም ይመስላል። ከዚያ ቀስ ብላ ተነሣች፤ ከሥሯ አንድ እንቁላል፣ አንድ ብቻ፣ ገና ከሙቀቷ ያልተለየ። ሰማዩ ደመና ነው፤ ውሃው ውስጥም ያው ደመና አለ፤ እሷ በሁለቱ መካከል ቆማለች። ቀያሹ ባርኔጣውን አወለቀ። ቤተ መቅደስ የገባ መሰለው፤ እንባው በጢሙ ላይ ወረደ። «ተመስገን» አለ።

እዚያ ላይ ቢመለስ ምን ነበረበት? አይ ሰው! አንዴ ያየውን ደግሞ ካላየው፣ ደግሞም የእኔ ነው ካላለው መቼ ይጠግባል? ነገ መንገዱ እንዳይጠፋው ብሎ ከዳር እስከ ጎጆዋ በየሃያ እርምጃው ችካል ተከለ፤ በየችካሉ ቀይ ጨርቅ አሰረ። ከሩቅ በመነጽር እንድትታየው በጎጆዋ ፊት ያለውን ፊላ ለሁለት ከፍሎ ግራና ቀኝ ቋጠረው። በመንገዱ ላይ ያገኛቸው ሦስት የዳክዬ ጎጆዎች አጠገብም እንዲሁ ጨርቁን አሰረ። ክፋት አልነበረበትም። ፍቅር ነው ያሠራው፤ እጁ የለመደው ደግሞ ችካል ነው።

ቁራ መቼም ሞኝ አይደለም። በማግስቱ ቀያሹ ከመጀመሪያው ጨርቅ ሥር የዳክዬዋን እንቁላሎች ተሰባብረው አገኛቸው። እባብ ነው አለ። በሦስተኛው ቀን ሁለተኛው ጎጆ ባዶ ሆነ። በአራተኛው ቀን በመነጽሩ ሲያይ ቁራው ሦስተኛው ጎጆ አጠገብ ችካሉ ላይ ቆሟል። አፉ ላይ አስኳል አለ። ምንቃሩን በቀያሹ ጨርቅ ይጠርጋል። ጠርጎ ሲጨርስ አንገቱን አዙሮ ወደሚቀጥለው ጨርቅ ተመለከተ። ከዚያ ወዲያ የቀረው የሽመላዋ ጎጆ ብቻ ነበረ።

ቀያሹ እየሮጠ መጥቶ ሽማግሌው እግር ላይ ወደቀ። «አባቴ፣ ገደልኳት! በገዛ እጄ መንገድ አወጣሁባት!»

«ጥልቅ ነው አላልኩህም?»

«ለካሁትኮ! ጉልበት አይደርስም!»

«አዬ ልጄ! አንተ የለካኸው ውሃውን ነው» አለ ሽማግሌው ራሱን እየነቀነቀ። «በል ልቅሶውን ተወውና ስማኝ። ችካልህን ንቀል፤ የቋጠርከውንም ፊላ ፍታ። ግን ፊትህን ወደ እሷ አድርገህ ከሄድክ ደንግጣ ትነሣለች፤ በተነሣችበት ቅጽበት ቁራው ይወርዳል። ጀርባህን ሰጥተህ፣ ጎንበስ ብለህ፣ እንደሚያጭድ ሰው ሂድ። የሚያጭድ ሰው ለምዳለች፤ የማትችለው የሚያፈጥባትን ነው። ምንም ብትሰማ እንዳትዞር!»

ሄደ። ወደ ኋላው እየተራመደ፣ የደረሰበትን ችካል እየነቀለ በብብቱ ሸጎጠ። ቁራው ከራሱ በላይ እየዞረ ይጮኻል። ከጎጆዋ ሲደርስ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ አንደኛውን ቋጠሮ በዳበሳ ፈታ። ሽመላዋ አልተነሣችም። ትንፋሿ ይሰማዋል። ሁለተኛውን ቋጠሮ ሲይዝ ከጀርባው አንድ ነገር ጥቅ አለ። ደግሞ ጥቅ፣ ጥቅ። ከዚያ ከእንቁላሉ ውስጥ ቀጭን ጩኸት መጣ።

ጫጩቷ ልትወጣ ነው! ስምንት ክረምት የተንከራተተለት ነገር ከትከሻው ኋላ፣ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ሆነ። አንገቱን ብቻ ቢያዞር ያየዋል። ሽማግሌው ሩቅ ነው፤ ማን ያውቅበታል? ሽመላዋ ለጫጩቷ በለሆሳስ ስትመልስላት ሰማ። እናት ገና ላላየችው ልጇ እንዲህ እንደምትናገር አያውቅም ነበረ። ዓይኑን ጨፈነና ቋጠሮውን ፈታው። ፊላው ተመልሶ ተዘጋ። ቁራው ሁለት ጊዜ ዞሮ፣ የሚቆምበት ችካል ሲያጣ ወደ ሌላ አገር ሄደ። ቀያሹም ሳይዞር ወጣ።

ያን ቀን ሽማግሌው ቤት ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ይቆጨው ወይስ ደስ ይበለው እሱም አላወቀም።

መስከረም ጠባ። ረግረጉ ጎደለ፤ የመንገድ ሥራው ሊጀመር ነው። ቀያሹ ጓዙን አስሮ ሊሰናበት ሲል ሽማግሌው ክንዱን ያዘው። ፊላው ተከፈተ፤ የከፈተው ሰው የለም። ሽመላዋ ወጣች፤ ባሏ ተከተለ፤ በመካከላቸው ያቺ ጫጩት በቀጫጭን እግሯ እየተንገዳገደች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ስንል እንኖራለን እንጂ፣ ሲሄድ ያየን ስንቶቻችን ነን? እሱ አየ! በታጨደው ሣር ላይ እየተራመዱ ፊት ለፊቱ ድረስ መጡ። መነጽሩን አላነሣም፤ አላስፈለገውም። ደብተሩንም አልገለጠም። ያን ገጽ ባዶውን ተወው፤ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ገጽ እሱ ሆነ።

እንግዲህ ወለተ ሩፋኤል፣ ቀና በይ። ልጅሽ እናኑ ከባሏ ቤት ከተመለሰች ሦስት ወሯ ነው። ምን እንደ ደረሰባት እኔም አላውቅም። አንቺ ግን ምን አደረግሽ? ሻንጣዋን ፈተሽሽ። አክስቶቿን ሰብስበሽ «እስኪ እናንተ ጠይቁልኝ» አልሽ። «ልጄ አትበላም፣ ከሰው አታወራም» እያልሽ በየጎረቤቱ ደጅ ቀይ ጨርቅ አሰርሽ። አሁን ደግሞ ወሬኛው ሁሉ ከየት መጣብን ትያለሽ። እኔ ራሴ ነገሩን የሰማሁት ከአንቺ አይደለም፤ ከገበያ ነው! ክፋት የለብሽም፤ አውቃለሁ። ቀያሹም አልነበረበትም።

ሂጂና ችካልሽን ንቀይ። እቤት ስትገቢ ፊቷ ላይ አታፍጥጪ። እሷ ባለችበት ክፍል ጀርባሽን አዙረሽ ምስርሽን ልቀሚ። «ጀርባዬን ሰጥቼማ እንዴት ይሆናል?» ትይኝ ይሆናል። ቀያሹ ሽመላዋን ከሁሉ ቀን አብልጦ የቀረባት ጀርባውን የሰጣት ቀን ነው። አንድ ቀን ከኋላሽ ጥቅ ሲል ትሰሚያለሽ። ያኔም አትዙሪ፤ ምስርሽን ልቀሚ። በራሷ ጊዜ፣ በራሷ እግር ፊትሽ ድረስ ትመጣለች።

ጎረቤትሽ ደግሞ ደጅሽ ላይ ቆማ «ልጅሽን ምን ነካት?» ያለችሽ እንደሆነ፣ «እዚያ ጥልቅ ነው» በያትና በርሽን ዝጊ።