ለመቅረት መቅረብ

ምላሷ ስል የሆነ አንዲት ሴት አማቷን ታስታምም ነበር። አማቷ እማማ ይመኙሻል የአልጋ ቁራኛ ከሆኑ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። የጤና መድን ደብተራቸው ካልታደሰ በማግስቱ ያላቸው የሐኪም ቀጠሮ ሊያልፋቸው ስለሆነ፣ ሴትየዋ "አስታማሚዎችን በነጻ እንመክራለን" የሚል ወረቀት ወደተለጠፈበት የጤና መድን ቢሮ ሄደች።

መካሪው አቶ ደምመላሽ ከረባታቸውን አስተካክለው ደብተሩን በሁለት ጣት ገለጡና "የደብተሩ ባለቤት በአካል ካልቀረቡ አይታደስም" አሉ።

"ጌታዬ፣ እሳቸው እኮ ሁለት ዓመት ሙሉ ከአልጋ አልተነሱም።"

"ሁሉም እንዲህ ይላል። የሚቀር ሰው፣ ለምን እንደሚቀር ራሱ ቀርቦ ያስረዳል። መመሪያው ይኸው ነው፤ ምክሩ ደግሞ በነጻ ነው።"

ሴትየዋ እጅ ነስታ ወጣች። ከምሳ በኋላ ብቻዋን ተመልሳ መጣች።

"አማትሽ የታሉ?" አሏት።

"እንዳዘዙት መምጣት እንደማይችሉ ሊያስረዱ መጥተው ነበር። እዚህ በር ላይ ሲደርሱ ግን 'በእግሬ መጥቼ መምጣት አልችልም ብል እኚህ ትልቅ ሰው ውሸታም ይሉኛል' ብለው አፈሩና ተመለሱ።"

አቶ ደምመላሽ ጠረጴዛውን መቱ። "ትቀልጂብኛለሽ እንዴ? ሁለት ዓመት አልጋ ላይ የዋለች አሮጊት እንዴት አድርጋ ነው እዚህ ድረስ የምትመጣው?"

ሴትየዋ ደብተሩን ገልጣ ፊታቸው አስቀመጠችላቸው።

"ጠዋት ይህንን ብነግርዎ አላመኑኝም፤ አሁን ከራስዎ አፍ ሰማሁት። የእኔም ምክር በነጻ ነው፤ የማደሻውን ማኅተም እዚህ ላይ ያሳርፉት።"